ከሰኮናው ያዳነ፣ ከሣሩ ያላዳነ የራስ ቁር

ዲሴምበር 27 ቀን 1923 በእንግሊዟ ዎልቨርሃምፕተን የመሰናክል ዝላይ ውድድር ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከጋላቢዎቹ አንዱ ሻምበል ጄፍሪ ቤኔት ነው፤ ወዳጆቹ «ታፒ» ይሉታል። አማተር ጋላቢ ቢሆንም የፈረስ እሽቅድምድም የሚከታተል ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ከዘጠኝ ወር በፊት ሳርጀንት መርፊ በተባለ የ13 ዓመት ፈረስ ተቀምጦ ግራንድ ናሽናል የተባለውን ታላቅ የመሰናክል ውድድር አሸንፎ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያንን ውድድር ካሸነፉት ፈረሶች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ይኸው ሳርጀንት መርፊ ነው።

ያን ቀን ቤኔት ወደቀ። መውደቁ ብቻውን ወሬ አይሆንም ነበር፤ በመሰናክል ላይ የሚጋልብ ሰው መውደቅን እንደ ሥራው አካል ይቆጥረዋል። መሬት ላይ እንዳለ ግን የፈረስ ሰኮና ራሱን መታው። ነፍሱን ሳያውቅ 17 ቀን ቆይቶ በጃንዋሪ 1924 ሞተ።

በዚያ ዘመን ጆኪ (በእሽቅድምድም ፈረስ የሚጋልብ ሰው) ራሱ ላይ የሚያደርገው የፈረሱን ባለቤት ቀለም የያዘ የሐር ቆብ ነበር። ቆቡ ከሩቅ ለመለየት ያገለግላል እንጂ ከምንም ነገር አያድንም። ከቤኔት ሞት በኋላ በብሪታንያ በመሰናክል ዝላይ የሚወዳደር ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርግ ደንብ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ቢሆንም፣ ያ ደንብ ከዚያ በኋላ ለመጡ ብዙ ጋላቢዎች ሕይወት ሆኗል። መሰናክል በሌለበት ደልዳላ ሜዳ ለሚሽቀዳደሙት ጆኪዎች ግን ግዴታው የደረሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ይህን አሮጌ ታሪክ የማነሳው ዛሬም ድረስ ያልተዘጋ የንድፍ ጥያቄ ስለያዘ ነው። ቁሩ የተወለደው ከአንድ ዓይነት ጉዳት ነው፤ ከሰኮና ምት። ጠባብ፣ ጠንካራና ከባድ ነገር የራስ ቅልን ሲመታ አጥንቱ ይሰበራል። ስለዚህ መልሱም ጠንካራ ቅርፊት ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ቁሮች ከቡሽና በሙጫ ከደረቀ ጨርቅ የተሠሩ ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ፋይበርግላስ፣ ፕላስቲክና ፎም መጣ፣ የአገጭ ማሰሪያውም ጠነከረ። ዕቃው ተለውጧል። ከዕቃው ሥር ያለው ሐሳብ ግን ለረጅም ጊዜ የቤኔትን አወዳደቅ ብቻ ሲመልስ ኖሯል።

ጉዳዩ እንዲገባን በመጀመሪያ የጆኪን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። የእሽቅድምድም ፈረስ 500 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በመሰናክል ውድድር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሮጣል። ጆኪው ኮርቻው ላይ አይቀመጥም፤ በአጫጭር እርካቦች ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይቆማል፣ ጀርባው ወደ ፊት ይተኛል፣ አንገቱ ግን ወደ ላይ ቀና ይላል። ፈረሱና እሱ የሚገናኙት በእግር ጣቶቹ፣ በቁርጭምጭሚቱና በልጓሙ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ፈረሱ መሰናክሉን ገጭቶ ሲደናቀፍ ጆኪው በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። በዚህ ዓይነት ውድድር ላይ ያለ ጆኪ ከ15 እስከ 20 ጊዜ በጋለበ ቁጥር አንድ ጊዜ ይወድቃል ተብሎ ይገመታል። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ይህ ማለት በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መውደቅ ነው። ከየትኛውም መደበኛ ሥራ ጋር ብናነጻጽረው ይህን ያህል አደጋን የሚጠብቅ ሥራ ማግኘት ይቸግራል።

በዚህ ላይ የክብደት ጉዳይ አለ። ጆኪ ከውድድሩ በፊትም በኋላም ይመዘናል። በደልዳላው ውድድር አንዳንዱ ጆኪ ኮርቻውን ጨምሮ 50 ኪሎ አካባቢ መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ 100 ግራም የሚራብ ሰው ላይ «ትንሽ ወፍራም» የሆነ መከላከያ ጨምሩለት ማለት ቀላል አይደለም። በብሪታንያ ጆኪ ሲመዘን የራስ ቁሩ አብሮ አይመዘንም፤ ይህ ትልቅ ማስተዋል የታየበት ደንብ ነው፤ ቁር አሳንሶ ኪሎ የመቆጠብ ፈተናን ከጆኪው ላይ አንስቶለታል። የደረት መከላከያ ሰደርያው የሚመዘንበት ሁኔታ ግን ከአገር አገር ይለያያል።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራው እንግባ፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው።

አንድ የራስ ቁር ለገበያ ከመቅረቡ በፊት መስፈርት ያልፋል። አውሮፓ ውስጥ ለፈረስ ጋላቢዎች ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ኢኤን 1384 የተባለው ነው። ለዓመታት የነበረው ሙከራ እንዲህ ነው። 5 ኪሎ የሚጠጋ ከብረት የተሠራ ሰው ሠራሽ ራስ ላይ ቁሩን ያስሩበታል። ከዚያ በመሪ ሐዲድ ላይ ወደ 1.5 ሜትር ከፍታ ይሰቅሉታል። ከታች ጠፍጣፋ የብረት መስፍ አለ። ይለቁታል። ድምፁ አጭርና ደረቅ ነው። ከሰው ሠራሹ ራስ ውስጥ ያለው መለኪያ ራሱ ምን ያህል በድንገት እንደቆመ ይመዘግባል። ልኬቱ ከ250 ጂ፣ ማለትም ከመሬት ስበት 250 እጥፍ መብለጥ የለበትም። የአሜሪካው መስፈርት ኤኤስቲኤም ኤፍ1163 ከፍታውን ወደ 1.8 ሜትር ያሳድገዋል፣ ወሰኑን ደግሞ 300 ጂ ያደርገዋል፤ በተጨማሪም የሰኮናን ጠርዝ የሚመስል ሹል መስፍ ላይ ይጥለዋል። ከዚህ ውጪ ቁሩ በስለት መሰል ነገር እንዳይበሳ፣ ፈረስ ቢንከባለልበት ከጎን እንዳይጨፈለቅ፣ ማሰሪያው እንዳይበጠስ የሚፈተሽበት ሙከራ አለ።

ሙከራዎቹ የተነደፉት በጥንቃቄ ነው፤ የራስ ቅል ስብራትን በመቀነስ ረገድም ሥራቸውን ሠርተዋል። ጁላይ 4 ቀን 2013 በስኮትላንድ ፐርዝ ብራያን ቱሚ የተባለ አየርላንዳዊ ጆኪ በመሰናክል ውድድር ወድቆ ከባድ የራስ ጉዳት ደረሰበት። የመትረፍ ዕድሉ 3 በመቶ ብቻ እንደሆነ ተነግሮ ነበር፤ ከራስ ቅሉም ከፊሉ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ይህ ሰው በጁላይ 2015 ሳውዝዌል ላይ ተመልሶ ጋለበ። ሰውየውን ያተረፉት ሐኪሞቹ ናቸው፤ የሐር ቆብ ብቻ ይደረግ በነበረበት ዘመን ቢሆን ግን ሐኪም እጅ ለመድረስ እንኳ ባልበቃ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ሙከራውን ደግመን እንመልከተው። ቁሩ የሚወድቀው ቀጥ ብሎ ነው። የሚያርፈው ብረት ላይ ነው። የሚለካው ደግሞ ቀጥተኛ ምት ብቻ ነው። ጆኪ በዚህ መልክ ይወድቃል?

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ከያዙት መካከል የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። ከካናዳው የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ የራስ ጉዳት ቤተ ሙከራና ከአየርላንድና ከብሪታንያ የእሽቅድምድም ሐኪሞች ጋር ሆነው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር በጣም ተራ የሚመስል፣ ግን ማንም አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባ ነገር ነበር። እውነተኛ አወዳደቆችን ተመለከቱ። የፈረስ እሽቅድምድም ከብዙ አቅጣጫ በካሜራ ይቀረጻል። ስለዚህ ጆኪው ሲወድቅ በምን ያህል ፍጥነት እንደነበር፣ የራሱ የትኛው ክፍል መሬቱን እንደነካ፣ በምን ማዕዘን እንዳረፈ ከተንቀሳቃሽ ምስሉ ማውጣት ይቻላል። ሐኪሙ በዚያው ቀን «አንጎሉ ተናውጧል» ወይም «ደህና ነው» ብሎ የመዘገበው አለ። ምስሉንና የሐኪሙን መዝገብ አገናኟቸው። ከዚያም እያንዳንዱን አወዳደቅ በኮምፒውተርና በቤተ ሙከራ እንደገና ፈጠሩት።

ያገኙት ነገር ሁለት መልክ አለው።

አንደኛው ስለ መሬቱ ነው። የአንጎል መናወጥ የደረሰባቸው ጆኪዎች አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን የመታቸው ሣር ሜዳ ነው። ሣርና እርጥብ አፈር ይሰጣል፤ ራስ ሲያርፍበት ትንሽ ይሰምጣል። በብረት መስፍ ላይ ምቱ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ያልቃል፤ በሣር ላይ ግን ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ኃይሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ከ250 ጂ እጅግ በታች ነው። አንጎል ግን በዚያም ይናወጣል።

ሁለተኛው ስለ አቅጣጫው ነው። ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከ1.5 ሜትር የተለቀቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.4 ሜትር ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ፈረስ ግን በሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ጆኪው ሲወድቅ ወደ ታች ካለው ፍጥነት ይልቅ ወደ ፊት ያለው ይበልጣል። ራሱ መሬቱን ሲነካ ቁሩ በሣሩ ይያዛል፣ ሰውነቱ ግን ይቀጥላል። ራሱ ይሽከረከራል። አንጎል በፈሳሽ የተከበበ ለስላሳ አካል ነው፤ ቀጥተኛ ግፊትን በአንጻሩ ይችላል፣ መጠምዘዝን ግን አይችልም። የራስ ቅሉ በድንገት ሲዞር አንጎሉ ወደኋላ ይቀራል፣ የነርቭ ክሮቹም ይሳባሉ። የአንጎል መናወጥ ከምንም በላይ የዚህ መሳብ ውጤት ነው። መስፈርቱ ግን ሽክርክሪትን አይለካም ነበር።

ከዚህ ተነስተን የተለመደውን ትዕይንት እናስተውል። ጆኪው ይነሣል፤ ሱሪውን ያራግፋል፤ ሐኪሙ መጥቶ የትኛው ሜዳ ላይ እንዳለ፣ ስንተኛው ውድድር እንደሆነ ይጠይቀዋል። ጆኪው ይንተባተባል። የሐር ሽፋኑን ከቁሩ ላይ ሲያወልቁት ጭቃ ከመንካቱ በቀር ቅርፊቱ ላይ ጭረት የለም። ውስጡን ቢከፍቱት ፎሙ አልተጨመቀም። ቁሩ ሥራውን አልጀመረም ማለት ነው፤ የሚጀምርበት የኃይል መጠን ላይ አልደረሰም። ለሰኮና የተዘጋጀ ፎም ለሣር በጣም ጠንካራ ነው።

ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ላይ «እንግዲያው ፎሙን ያለስልሱት» ይላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ስሌቱ ግን አይፈቅድም። በሰከንድ 5.4 ሜትር የሚመጣን ራስ በ250 ጂ ለማቆም፣ ግፊቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ብንል፣ 6 ሚሊ ሜትር ርቀት ይበቃል። ግፊቱን ወደ ሩቡ ብናወርደው ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ 24 ሚሊ ሜትር። ፎም ደግሞ እስከ ዜሮ አይጨመቅም፤ የተወሰነ ደረጃ ላይ ሲደርስ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ስለዚህ 24 ሚሊ ሜትር ለማግኘት ከዚያ ብዙ የሚበልጥ ውፍረት ያስፈልጋል። ሲወፍር ይከብዳል፣ ይሰፋል። ሲሰፋ ከመሬት ጋር ሲገናኝ ራስን የሚጠመዝዝበት ክንድ ይረዝማል። በሌላ አነጋገር ቀጥተኛውን ምት ለመቀነስ ብለን የጨመርነው ውፍረት ሽክርክሪቱን ሊያባብሰው ይችላል። በዚያ ላይ ሙሉውን ክብደት የሚሸከመው ወደ ላይ ቀና ያለ አንገት ነው።

ፎሙን አለስልሰን ውፍረቱን ብንተወውስ? ያን ጊዜ ሰኮናው ሲመጣ ፎሙ ወዲያው አልቆ ራስ ቅሉ ይመታል። ወደ ዎልቨርሃምፕተን እንመለሳለን።

የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ ነው። አንድ ዕቃ ሁለት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ጠላቶች አሉት፤ ጠንካራና ጠባብ የሆነው ሰኮና፣ ለስላሳና ሰፊ የሆነው ሣር። ንድፍ አውጪው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከመረጠ ሌላው ጆኪውን እንዲያገኘው ፈቀደለት ማለት ነው።

መውጫው ያለው በመደራረብ ላይ ይመስለኛል። ከውጭ የሰኮናን ጠርዝ የሚያሰፋ ጠንካራ ቅርፊት፤ ከሥሩ ለከባድ ምት የሚሰበር ጥቅጥቅ ያለ ፎም፤ ከራስ አጠገብ ደግሞ በትንሽ ኃይል የሚሠራ ለስላሳ ንብርብር። ሁለት የተለያየ ጥንካሬ ያለው ፎም ማጣመር አዲስ ነገር አይደለም። ሽክርክሪትን በተመለከተ ደግሞ ስዊድን ውስጥ ካሮሊንስካ የተባለው የሕክምና ተቋም የነርቭ ቀዶ ሐኪምና የስቶክሆልም የሮያል ቴክኖሎጂ ተቋም መሐንዲሶች ሚፕስ የተባለውን ዘዴ ፈጥረዋል። ቁሩ ውስጥ ቀጭን ተንሸራታች ሽፋን ይገባል። ምቱ በሰያፍ ሲመጣ ቅርፊቱ ከራስ ተለይቶ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይንሸራተታል፤ ያች ትንሽ መንሸራተት ወደ አንጎል የሚያልፈውን ጥምዘዛ ትቀንሳለች። ዛሬ ዘዴው በብስክሌትና በበረዶ ሸርተቴ ቁሮች ይታወቃል። በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው ግን በፈረስ ግልቢያ ቁር ላይ ነበር። ይህን ሳስታውስ እቆጫለሁ። ሐሳቡ ከፈረሰኞች ተነሥቶ ሌሎች ስፖርቶች በብዛት ወሰዱት፣ የእሽቅድምድሙ ዓለም ግን ተጎትቶ ነው የመጣው።

መለካት እንደማይቻል ማስመሰልም አይቻልም። የሞተር ብስክሌት ቁሮች የአውሮፓ መስፈርት 22.06 ቁሩን በሰያፍ መስፍ ላይ ጥሎ ሽክርክሪቱን ይለካል። አሜሪካ ውስጥ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ በ2022 መጨረሻ የፈረስ ግልቢያ ቁሮችን ሽክርክሪትን ጭምር በሚያይ ሙከራ እየፈተነ ደረጃ ማውጣት ጀምሯል። መሣሪያው አለ፣ ዕውቀቱም አለ። የጎደለው ለጆኪ የሚሠራ ቁር ከጆኪ አወዳደቅ በተወሰደ ሙከራ ይፈተን የሚል ቁርጥ ያለ ግዴታ ነው። ሣርን የሚመስል መስፍ፣ ሰኮናን የሚመስል መስፍ፣ ወደ ፊት ያለው ፍጥነት፤ ሦስቱም በአንድ መስፈርት ውስጥ ሊኖሩ ይገባል።

ስለ ሰደርያው ጥቂት ልበል፤ ተመሳሳይ ታሪክ ስላለው። የአውሮፓው መስፈርት ኢኤን 13158 የፈረሰኛን የሰውነት መከላከያ በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ደረጃ 3 ብዙ ኃይል የሚያስቀር ነው፣ ለተራ ጋላቢም የሚመከረው እሱ ነው። ደረጃ 1 ቀጭኑና ዝቅተኛው ነው፤ ተገቢ ነው የሚባለውም ፈቃድ ላላቸው ጆኪዎች በውድድር ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ በሣምንት አንድ ቀን በዝግታ የሚጋልብ ሰው ወፍራሙን ይለብሳል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየጋለበ በየሳምንቱ የሚወድቀው ደግሞ ቀጭኑን። ምክንያቱ ይገባኛል። ክብደት አለ፣ ደግሞም ጆኪ ሲወድቅ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ መንከባለል አለበት፤ ደረቅ ሰደርያ ይህን ይከለክለዋል። ግን ምክንያቱ ስለገባን ነገሩን መቀበል የለብንም። ቀጭንም ተጣጣፊም ሆኖ ብዙ ኃይል የሚውጥ ቁስ መፈለግ የመሐንዲሱ ሥራ ነው፤ የሰደርያው ክብደት ከሚዛኑ ሙሉ በሙሉ እንዲነሣ ማድረግ ደግሞ የደንብ አውጪው። ሁለተኛው አንዲት ፊርማ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በአየር የሚሞላው ሰደርያም አለ። ተራ ጋላቢዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት በገመድ ከኮርቻው ጋር ይታሰራል፤ ጋላቢው ሲለያይ ገመዱ ይሳብና ትንሽ የጋዝ ጠርሙስ ከረጢቱን በቅጽበት ይነፋዋል። ለጆኪ ግን ችግር አለው። እርካብ ላይ ቆሞ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ሰው ገመዱ መቼ መሳብ እንዳለበት ማስተካከል ይከብዳል። ፈረሱ ራሱ ተገልብጦ ሲወድቅ ደግሞ ጆኪው ከኮርቻው ሳይለይ መሬት ሊደርስ ይችላል፤ ገመዱም አይሳብም። ሞቶጂፒ በተባለው የሞተር ብስክሌት ውድድር የሚሳተፉ ሞተረኞች ከ2018 ጀምሮ በግዴታ የሚለብሱት ዓይነት ገመድ የለውም፤ በውስጡ ያለ ኤሌክትሮኒክ መለኪያ የአካሉን እንቅስቃሴ አንብቦ ይወስናል። ይህን ለፈረስ ለማምጣት መለኪያው ዝላይን ከውድቀት መለየት መማር አለበት። ፈረስ መሰናክል ሲዘል ጆኪው የሚሰማው መናጥ ለሞተረኛ አደጋ ነው፤ ለጆኪ ግን የሥራው ልክ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው እንደ ደብሊኑ ሥራ ነው፤ ከእውነተኛ ግልቢያና ከእውነተኛ ውድቀት የተሰበሰበ ልኬት።

እስካሁን መልስ ያላገኘው ቦታ አንገት ነው። ማርች 14 ቀን 2013 በቼልትናም ፌስቲቫል፣ ኪም ሚዩር በተባለው ውድድር የመጀመሪያው መሰናክል ላይ ጋላክሲ ሮክ የተባለው ፈረስ ወደቀ። ጋላቢው ጄ.ቲ. ማክናማራ ነበር፤ ከአየርላንድ ምርጥ አማተሮች አንዱ፣ ከ600 በላይ ድል ያስመዘገበ የ37 ዓመት ሰው። ሦስተኛውና አራተኛው የአንገቱ አጥንት ተሰበረ። ከዚያ ቀን በኋላ ከአንገቱ በታች አካሉን ማንቀሳቀስ አልቻለም። ጁላይ 26 ቀን 2016 በ41 ዓመቱ አረፈ። የአጎቱ ልጅ ሮቢ ማክናማራ ደግሞ በ2015 ዌክስፎርድ ላይ ወድቆ ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆነዋል። ከአንድ ቤተሰብ ሁለት።

ማክናማራ የራስ ቁርም ሰደርያም በግዴታ በሚለበስበት ዘመን ነው የወደቀው። የተጎዳው ሁለቱ በማይደርሱበት መካከል ነው። በወጣ ገባ ሜዳ በሞተር ብስክሌት የሚወዳደሩት የአንገት መደገፊያ አላቸው፤ ራስ ከልክ በላይ ወደኋላ ወይም ወደ ጎን እንዳይታጠፍ ያግደዋል። ጆኪ ግን ጀርባው ተኝቶ ራሱ ቀና ያለ በመሆኑ፣ ወደኋላ መታጠፍ አደጋ የሚመጣበት ሁኔታ ብቻ ሳይሆን ሲጋልብ የሚቆይበት አቋምም ነው። መደገፊያው ገና ከመነሻው ያንቀዋል፤ ከፊቱ ያለውን ማየት ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በሌላ ስፖርት የተሠራን ዕቃ ቆርጦ መለጠፍ አይሠራም። ምናልባት በአዘቦት ጊዜ ጨርቅ ሆኖ የሚተኛ፣ ውድቀት ሲመጣ ብቻ የሚነሣ የአየር አንገትጌ ይሆን ይሆናል። ይህን እንደ ተስፋ እንጂ እንደ መፍትሔ አላቀርበውም።

አንድ ነገር ግን ከዕቃው ውጭ ያለ ቢሆንም እዚሁ መጻፍ አለበት። ጆኪ የሚከፈለው በጋለበ ቁጥር ነው። አንጎሉ ተናውጧል ከተባለ ሐኪም እስኪፈቅድለት አይጋልብም፤ ያልጋለበበት ቀን ገቢ የለውም፣ ፈረሱም ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ይደብቃል። በብሪታንያ ማይክል ተርነር የእሽቅድምድሙ ዋና የሕክምና አማካሪ በነበሩበት ጊዜ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ጆኪ ደህና እያለ የአእምሮ ብቃት ፈተና እንዲወስድና ሲጎዳ በዚያው ልክ እንዲመዘን የሚያደርግ አሠራር መጣ። የጆኪው ቃል ብቻ ማስረጃ መሆኑ ቀረ። ንድፍ አውጪዎች ከዚህ የሚወስዱት ነገር አለ። ቁሩ ውስጥ ምት የሚመዘግብ ትንሽ መለኪያ ቢገባ፣ ጭረት የሌለበት ቁር ስለ ተደበቀው ምት ሊናገር ይችላል። መለኪያው ምርመራውን አይተካም፤ ለሐኪሙ ግን «ይህን ሰው ደግመህ እየው» ይለዋል።

ጆኪዎች በዚህ ላይ ምን ይላሉ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ መሆን ነበረበት። ቁር ላይ ላዩን የሚፈተሽ ነገር ጥንካሬው ነው፤ ጆኪው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ግንባሩ ላይ ይወርድ እንደሆነ ነው። ተጎንብሶ ቀና ሲል የቁሩ የኋላ ጠርዝ ማጅራቱን ከነካው ቁሩ ወደ ፊት ይንሸራተትና ዓይኑን ይጋርደዋል። ዓይኑ የተጋረደ ጆኪ ማሰሪያውን ያላላል። ማሰሪያው የላላ ቁር ደግሞ ጆኪው መሬት ከመድረሱ በፊት ይወልቃል። በቤተ ሙከራ 250 ጂን ያለፈው ቁር በሜዳ ላይ ለብቻው ይንከባለላል። የኋላ ጠርዙን ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ጀርባው የተኛ ሰው አድርጎት መሞከር፣ ማሰሪያውን በጓንት በተሸፈነ እጅ ማሰርና መፍታት፤ እነዚህ በየትኛውም የኃይል ሙከራ ውስጥ አይታዩም።

ከውድቀት በኋላ ያለውም እንዲሁ ነው። ፎሙ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ ከተጨመቀ አይመለስም። ከውጭ ደህና የሚመስል ቁር ውስጡ አልቆ ሊሆን ይችላል። አምራቾች ራሳቸው ከከባድ ምት በኋላ ቁሩ እንዲጣል ይመክራሉ። ገና ሥራ የጀመረ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ፈረስ የሚያገኝ ወጣት ጆኪ ግን ቁሩን በእጁ ያገላብጠዋል፣ ስንጥቅ ይፈልጋል፣ ያጣል። ጭቃውን ጠርጎ፣ አዲስ የሐር ሽፋን አልብሶት ለቀጣዩ ውድድር ያስቀምጠዋል።